ሶታሎል ምት ሲዘገይ፣ ፍሌካይናይድ ምት ሲፈጥን የሚከፉት ለምንድን ነው?

ዓመት_አምስት፦

ጤና ይስጥልኝ። የልብ ምት መዛባት መድኃኒቶችን በክላስ የሚከፋፍለውን ሠንጠረዥ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ክላስ 1 ሶዲየም፣ ክላስ 2 ቤታ (የአድሬናሊን መቀበያ)፣ ክላስ 3 ፖታሲየም፣ ክላስ 4 ካልሲየም። ሠንጠረዡ የሚነግረኝ ግን የትኛው ቻናል እንደሚዘጋ እንጂ መድኃኒቱ መቼ እንደሚከፋ አይደለም። ሶታሎል የሚያሰጋው ምት ሲዘገይ ነው ይባላል፣ ፍሌካይናይድ ደግሞ ምት ሲፈጥን። ሁለቱም ቻናል ዘጊ ሆነው ሳለ እንዲህ የተቃረኑት ለምንድን ነው? ምት እንዲያስተካክል የተሰጠ መድኃኒት መልሶ ምት የሚያዛባውስ በምን መንገድ ነው? መጠኑን ከነቁጥሩ ብትጽፉልን ብዙዎቻችን እንጠቀማለን።

ኢሲጂ_አንባቢ፦

ጥሩ ቦታ ነክተሃል። የመድኃኒቱን ጠባይ ለማወቅ የቻናሉ ስም ብቻ አይበቃም፤ መድኃኒቱ ቻናሉ ላይ ተጣብቆ ስንት ጊዜ እንደሚቆይም ማወቅ ያስፈልጋል።

ከሴሉ ልነሳ። የታችኛው የልብ ክፍል የጡንቻ ሴል ሲያርፍ ውስጡ ከውጪው በ90 ሚሊ ቮልት ገደማ ያንሳል። ሶዲየም በቅጽበት ሲገባ ሴሉ ይነሳል፤ ይህ ዜሮኛው ምዕራፍ ነው። ይህ መነሳት ከሴል ወደ ሴል በፈጠነ ቁጥር በኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምዝገባ) ላይ ኪውአርኤሱ (የታችኛው ክፍል ሲነሳ የሚጻፈው ሞገድ) ይጠብባል፣ በዘገየ ቁጥር ይሰፋል። ከዚያ ካልሲየም እየገባ ፖታሲየም እየወጣ ሁለቱ ሲመጣጠኑ መስመሩ ሜዳ ይሆናል። በመጨረሻ ፖታሲየም ያይልና ሴሉ ወደ ዕረፍቱ ይመለሳል። ከመነሳት እስከ መመለስ ከ200 እስከ 300 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ በኢሲጂ ላይ የኪውቲ ርዝመት የሚያሳየን ይህንን ነው። ሳይነስ ኖድ (ምቱ የሚጀምርበት) እና ኤቪ ኖድ (ምቱ ከላይ ወደ ታች የሚያልፍበት) ግን የሚነሱት በካልሲየም ነው። ስለዚህ ክላስ 4 ኖዱን ይይዛል፣ ክላስ 1 ደግሞ በዋናነት ጡንቻውንና ምቱ የሚተላለፍባቸውን ገመዶች።

አሁን የሶዲየም ቻናሉን እንደ በር ቁጠረው። ሦስት ሁኔታ አለው፦ ተዘግቶ ሲገፋ የሚከፈት፣ የተከፈተ፣ እና ተከፍቶ ካበቃ በኋላ መወርወሪያ የገባበት። መወርወሪያው የሚነሳው ሴሉ ወደ ዕረፍቱ ሲመለስ ብቻ ነው። የክላስ 1 መድኃኒቶች በሩ ሲከፈት ወይም መወርወሪያው ሲገባ ይጣበቃሉ፤ ሴሉ ሲያርፍ ይለቃሉ። ለመልቀቅ የሚወስድባቸው ጊዜ ነው በሦስት ንዑስ ክፍል የሚያስቀምጣቸው። 1ቢ (ሊዶካይን፣ ሜክሲሌቲን) ከ1 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይለቃል። 1ኤ (ኪኒዲን፣ ፕሮካይናማይድ፣ ዳይሶፒራማይድ) ከ1 እስከ 10 ሰከንድ ይወስዳል። 1ሲ (ፍሌካይናይድ፣ ፕሮፓፌኖን) ከ10 ሰከንድ በላይ ይቆያል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። በደቂቃ 60 ምት ሲሆን ከምት እስከ ምት 1000 ሚሊ ሰከንድ አለ፤ በ150 ምት 400 ብቻ ይቀራል። ሊዶካይን በሁለቱም ውስጥ አብዛኛውን ይለቃል፤ ጤናማ ጡንቻ ላይ ኪውአርኤስ የማያሰፋው ለዚህ ነው። ፍሌካይናይድ ግን ካለፈው ምት ሳይለቅ ቀጣዩ ይደርሳል። ምቱ በፈጠነ ቁጥር የተዘጉ በሮች ቁጥር ይጨምራል፣ ኪውአርኤሱም ይሰፋል። ተኝቶ የተነሳ ኢሲጂ ደህና ሆኖ ሳለ ደረጃ ሲወጣ ወይም ትኩሳት ሲይዘው ሰውየው ሊወድቅ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ፍሌካይናይድ ከተጀመረና መጠኑ ከተረጋጋ በኋላ ኢሲጂው በእንቅስቃሴ ጊዜም ቢነሳ ጥሩ ነው። ኪውአርኤሱ ከመነሻው ከ25% በላይ ከሰፋ መጠኑ ይቀነሳል ወይም መድኃኒቱ ይቆማል።

የሊዶካይንም ጠባይ ከዚሁ በር ይገኛል። ደም ያጠረው ጡንቻ ዕረፍቱ ላይ በደንብ አይመለስም፣ በሮቹ መወርወሪያ እንደገባባቸው ይቆያሉ፣ ሊዶካይንም የሚወደው ያንን ነው። ስለዚህ ኢንፋርክሽን (የልብ ደም ሥር ሲዘጋ የሚደርስ ጉዳት) ከመታው ጡንቻ በሚነሳ የታችኛው ክፍል ፈጣን ምት ላይ ይሠራል። የላይኛው ክፍል ሴል ግን ሜዳው አጭር ስለሆነ መወርወሪያ የሚገባበት ጊዜ ያንሳል፤ ለኤትሪያል ፊብሪሌሽን (የላይኛው ክፍል የተመሰቃቀለ ምት) ሊዶካይን መስጠት ከንቱ ነው።

የሌሊት_ተረኛ፦

የሶታሎሉን እኔ ልያዘው።

ሴሉን ወደ ዕረፍቱ የሚመልሱት ፖታሲየም ቻናሎች በዋናነት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ፈጥኖ ይነሳል፣ ሌላው ቀስ ብሎ። ሶታሎልና ዶፌቲላይድ የሚዘጉት ፈጣኑን ነው። ምት ሲፈጥን ዝግተኛው ቻናል ሙሉ በሙሉ የሚዘጋበት ጊዜ ስለማያገኝ ከምት ወደ ምት ይጠራቀማል፣ የፈጣኑንም ሥራ ይሸፍናል። መድኃኒቱ ፈጣኑን ቢዘጋውም ለውጡ ትንሽ ይሆናል። ምት ሲዘገይ ግን ዝግተኛው ተጠቃልሎ ይዘጋል፤ ሸክሙ በፈጣኑ ላይ ብቻ ይወድቃል፣ እሱ ደግሞ በመድኃኒት ተይዟል። ኪውቲው የሚረዝመው ያኔ ነው። ይህ የፍሌካይናይድ ግልባጭ ነው። መድኃኒቱ ልቡ በሚሮጥበት፣ በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ይደክማል፣ ልቡ ባረፈበት ሰዓት ይበረታል።

ሜዳው ሲረዝም የካልሲየም ቻናሎች ሁለተኛ ዕድል አግኝተው እንደገና ይከፈታሉ። ሴሉ ገና ሳይመለስ ዳግም ይነሳል፤ ይህ ከመጠን በላይ ከረዘመው ኪውቲ ላይ ሲያርፍ ቶርሳድ (አደገኛ የታችኛው ክፍል ፈጣን ምት) ይነሳል። በሞኒተር ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ቅደም ተከተል አጭር፣ ረጅም፣ አጭር ነው። አንድ ያለጊዜው የመጣ ምት፣ ከሱ በኋላ ረጅም ዕረፍት፣ ከዚያ በቲ ሞገዱ ላይ የሚወድቅ ምት፣ ቀጥሎ መስመሩ እንደ ሹሩባ መጠማዘዝ።

ስለዚህ ሶታሎል ሲጀመር ሰውየው ሞኒተር ባለበት ቢያንስ 3 ቀን ይቆያል። ለምት ፍጥነት የተስተካከለው ኪውቲ ከ450 ሚሊ ሰከንድ በላይ ከሆነ አይጀመርም። ፖታሲየም ከ4 በላይ ይሁን፣ ማግኒዚየምም ይታይ። መነሻው 80 ሚ.ግ. በቀን ሁለት ጊዜ ነው። የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ የክሬአቲኒን ክሊራንሱ ከ40 እስከ 60 ሚሊ ሊትር በደቂቃ ከሆነ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከ40 በታች ከሆነ ጭራሽ አይሰጥም። ከእያንዳንዱ መጠን ከ2 እስከ 4 ሰዓት በኋላ ኢሲጂ ይነሳል፤ 500 ከደረሰ መጠኑ ይቀነሳል ወይም ይቆማል። ሴቶች ከወንዶች ይበልጥ ለቶርሳድ የተጋለጡ መሆናቸውም አይረሳ።

በጣም የሚያሳስበኝ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ያለው ነው። ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ አዚትሮማይሲን፣ ኪኒን፣ ሃሎፔሪዶል፣ ፍሉኮናዞል፣ ኦንዳንሴትሮን፣ ሁሉም ኪውቲ ያስረዝማሉ። ተቅማጥ የያዘው የሶታሎል ታካሚ ከመድኃኒት ቤት ሲፕሮ ገዝቶ ሲውጥ ፖታሲየሙ በተቅማጡ ወርዷል፣ ኪውቲው በሁለት መድኃኒት ተይዟል፤ ውኃ ካነሰውም ኩላሊቱ ሶታሎሉን በሚገባ አያወጣም። ሦስቱ ባንድ ቀን ይገጥማሉ።

ሲስተር_ጠብታ፦

ቶርሳድ ላይ ቁጥሩ ግልጽ ይሁን ብዬ ነው። ማግኒዚየም ሰልፌት 2 ግራም በደም ሥር። በማዋለጃ ክፍል ለኢክላምፕሲያ የምናስቀምጠው ያው ነው፤ ሌላ መድኃኒት ፍለጋ መሮጥ አያስፈልግም። የ50% አምፑል በ1 ሚሊ ሊትር ግማሽ ግራም ስላለው 2 ግራም ማለት 4 ሚሊ ሊትር ነው። 6 ሚሊ ሊትር ጨምረን 10 ስናደርሰው 20% ይሆናል። የልብ ትርታ ካለው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ ከሌለው በ1 ወይም 2 ደቂቃ። ጥንካሬው ከአምፑል አምፑል ስለሚለያይ በሚሊ ሊትር የታዘዘውን ከመስጠት በፊት ግራሙን ማስላት የግድ ነው። የማግኒዚየም ቁጥር በደም ምርመራ ጤናማ ቢሆንም ይሰጣል።

ትርታ ከሌለው ወይም ቶርሳዱ ካልቆመ ሾክ። ካቆመ በኋላ እንዳይመለስ ምቱን በደቂቃ ከ90 እስከ 110 ማድረስ ያስፈልጋል፣ በፔስሜከር ወይም በአይሶፕሬናሊን። ዶክተሩ ከላይ እንዳሉት፣ ምት ሲፈጥን ኪውቲው ያጥራልና። ቶርሳድ ላይ አሚዮዳሮን እንዲሰጥ ከታዘዘ ግን ደግሞ መጠየቅ ግዴታችን ነው፤ እሱ ራሱ ኪውቲ ያስረዝማል።

ዓመት_አምስት፦

በጣም አመሰግናለሁ። ሲስተር ያነሱት ጥያቄዬን አባሰው። አሚዮዳሮን ኪውቲ ያስረዝማል፣ ብዙ ጊዜም ከ500 በላይ ያደርሰዋል። እንደ ሶታሎል ቶርሳድ የማያበዛው ታዲያ ለምንድን ነው?

መድኃኒት_መደርደሪያ፦

ምክንያቱም በሠንጠረዡ ክላስ 3 ውስጥ የተቀመጠው ለአቀማመጥ ያህል ነው። አሚዮዳሮን አራቱንም ይሠራል፤ ሶዲየም ይዘጋል፣ ካልሲየም ይዘጋል፣ ቤታን ያደክማል፣ ፖታሲየም ይዘጋል። ካልሲየሙን ስለያዘው ሜዳው ቢረዝምም ያ ዳግም መነሳት በቀላሉ አይመጣም። ሁለተኛ፣ ሶታሎል ከልብ ጡንቻው ግድግዳ አንዱን ንጣፍ ከሌላው አስበልጦ ያረዝማል፤ አሚዮዳሮን ሁሉንም በእኩል መጠን ያረዝማል። ቶርሳድ የሚፈልገው ልዩነቱን ነው። ስለዚህ በአሚዮዳሮን ቶርሳድ ከ100 ሰው ከ1 በታች ነው የሚታየው። ፖታሲየም ሲወርድ ግን እሱም ይከዳል።

ክላሶቹን በ1970 የደረደረው የኦክስፎርዱ ማይልስ ቮን ዊሊያምስ ነው፤ የካልሲየም ዘጊዎቹ ክፍል ጥቂት ቆይቶ ታከለ። ሠንጠረዡ የመድኃኒትን ሥራ እንጂ መድኃኒቱን የሚመድብ አይደለም፤ አንድ መድኃኒት ብዙ ሥራ ሊኖረው ይችላል። አዴኖሲን፣ ዲጎክሲንና ማግኒዚየም ቦታ አጥተው የቀሩትም በዚሁ ምክንያት ነው። በ2018 ከዚያው ከኦክስፎርድ የወጣው የተሻሻለው ምደባ ከ0 እስከ 7 አድርጎ አስፍቶታል፤ ሳይነስ ኖድን የሚያዘገየው አይቫብራዲን ክላስ 0 ሆኗል።

የአሚዮዳሮን ዋጋ የሚከፈለው ከልብ ውጪ ነው። ከክብደቱ 37% አዮዲን ነው፤ አንድ የ200 ሚ.ግ. ክኒን 75 ሚ.ግ. አዮዲን ይዟል። በስብ ውስጥ ስለሚከማች በደም ውስጥ ግማሹ እስኪወጣ በአማካይ 58 ቀን ገደማ ይፈጃል፤ ከሰው ሰው በጣም ይለያያል። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ሥራ እንዲጀምር ቤቱን መሙላት አለበት፤ በጠቅላላው ከ8 እስከ 10 ግራም እስኪገባ በከፍተኛ መጠን ይሰጣል። የተለመደው 200 ሚ.ግ. በቀን ሦስት ጊዜ ለአንድ ሳምንት፣ ሁለት ጊዜ ለአንድ ሳምንት፣ ከዚያ በቀን አንድ ነው፤ ይህ ቀስ ብሎ የሚሞላው መንገድ ነው። ሁለተኛ፣ ዛሬ ቢቆም ጉዳቱም መስተጋብሩም ለወራት ይቀጥላል።

ከመጀመሩ በፊት የታይሮይድ፣ የጉበት ምርመራና የደረት ራጅ ይነሳል። ታይሮይድና ጉበት በየ6 ወሩ፣ ራጁ በየዓመቱ ይደገማል። እዚህ እኛን የሚመለከት ነገር አለ። እንቅርት በብዛት በሚታይባቸው ደጋማ አካባቢዎች ያሉ ታካሚዎች፣ በተለይ ጉብታ ያለው እንቅርት ካላቸው፣ በድንገት የሚገባው አዮዲን ታይሮይዳቸውን ከልክ በላይ ሊያሠራው ይችላል። ተቆጣጥረነው የነበረ የልብ ምት ያለምክንያት እንደገና መሮጥ ከጀመረ፣ ታካሚውም ከከሳ፣ የአሚዮዳሮን መጠን ከመጨመር በፊት ታይሮይዱን ማየት ነው። ደረቅ ሳልና ትንፋሽ ማጠር ሲመጣ ደግሞ "የልብ ድካሙ ነው" ብሎ ላሲክስ (ሽንት የሚያበዛውን መድኃኒት) ብቻ መጨመር ሳንባው ጠባሳ እየያዘ ሳይታወቅ እንዲቀጥል ያደርጋል።

ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ላይ አሚዮዳሮን ሲጨመር የዋርፋሪኑ መጠን ከ30 እስከ 50% ይቀነሳል፤ አይኤንአር (የደም መርጋት ልኬት) በየሳምንቱ ለ6 ወይም 7 ሳምንት ይታያል፣ ምክንያቱም መስተጋብሩ አንድ ቀን መጥቶ የሚቆም ሳይሆን እየበረታ የሚሄድ ነው። ዲጎክሲን በግማሽ ይቀነሳል። ሲምቫስታቲን ከ20 ሚ.ግ. አይበልጥም።

ሲስተር_ጠብታ፦

በደም ሥር ለሚሰጠው ልጨምር። መጀመሪያ 150 ሚ.ግ. በ100 ሚሊ ሊትር የ5% ግሉኮስ በ10 ደቂቃ። ከዚያ 6 አምፑል (900 ሚ.ግ.) በ500 ሚሊ ሊትር ግሉኮስ፤ በአንድ ሚሊ ሊትር 1.8 ሚ.ግ. ይመጣል። ለ6 ሰዓት በሰዓት 33 ሚሊ ሊትር ሲሄድ በደቂቃ 1 ሚ.ግ. ነው፤ ከዚያ በሰዓት 17 ሚሊ ሊትር ለ18 ሰዓት። በኖርማል ሳላይን አይበረዝም። ከ2 ሰዓት በላይ ለሚንጠባጠበው የፒቪሲ ከረጢት አይመከርም። በሄፓሪን፣ በባይካርቦኔት ወይም በአሚኖፊሊን መስመር አብሮ ከገባ ይዘቅጣል።

በአንድ ሚሊ ሊትር ከ2 ሚ.ግ. በላይ የሆነ ጥንካሬ በእጅ ደም ሥር ከሄደ ደም ሥሩን ያቃጥላል፤ ቀይ ገመድ መስሎ የሚታየው እሱ ነው። የደም ግፊት ሲወርድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፍጥነቱ ነው። በመርፌው ውስጥ ያለው ማሟሟያ ራሱ ግፊት ስለሚጥል መጀመሪያ ማዘግየት፣ ቀጥሎ ሐኪም መጥራት። ልብ ቆሞ ሲሆን ግን ሌላ ነው፤ 300 ሚ.ግ. በአንድ ጊዜ፣ ካልሠራ 150 ይደገማል።

ኢሲጂ_አንባቢ፦

የቀረህ ጥያቄ "መድኃኒቱ ራሱ ለምን ያዛባል" የሚለው ነው። በጣም ብዙው የምት መዛባት የዙር መንገድ ነው። ምት በአንድ ጠባሳ ዙሪያ ይሄዳል፤ ባንዱ ጎን ታግዶ በሌላው ጎን በዝግታ አልፎ ሲመለስ የመጀመሪያው መንገድ ነቅቶ ይጠብቀዋል፣ ዙሩም ይቀጥላል። ዙሩን ለማቆም ወይ መንገዱን ፈጽሞ መዝጋት ወይ ሴሉ ሳይነቃ የሚቆይበትን ጊዜ ማርዘም ነው። ክላስ 3 የሚሠራው በሁለተኛው ነው። ፍሌካይናይድ ግን በዋናነት ፍጥነት ይቀንሳል። ጠባሳ ባለበት ልብ ላይ ፍጥነት መቀነስ፣ ሳይዞር ያልፍ የነበረውን ምት በዝግታ እንዲዞር ማድረግ ሊሆን ይችላል።

ይህ በሰው ሕይወት ተፈትኗል። ካስት የተባለው ጥናት ከኢንፋርክሽን ያገገሙ፣ ያለጊዜው የሚመጣ ምት ያለባቸውን ሰዎች ወሰደ፤ ፍሌካይናይድና ኤንካይናይድ ምቱን ጸጥ አደረጉት፣ ሞኒተሩም አማረ። በ1991 በታተመው ውጤት መድኃኒቱን ከወሰዱት 755 ሰዎች 63፣ ባዶ ክኒን ከወሰዱት 743 ሰዎች 26 ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ፍሌካይናይድና ፕሮፓፌኖን ኢንፋርክሽን ለመታው፣ ጡንቻው ለደከመ ወይም በጠባሳ ለተጎዳ ልብ አይሰጡም። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ሳይነሳ ክላስ 1ሲ መጻፍ ስህተት የሚሆነው በዚህ ቁጥር ምክንያት ነው።

ጤናማ ልብ ላይም አንድ ወጥመድ አለ። የኤትሪያል ፍላተር (የላይኛው ክፍል ፈጣን የዙር ምት) ምት በደቂቃ 300 ገደማ ሲሆን ኤቪ ኖድ ግማሹን ያሳልፋል፣ ታች 150 ይደርሳል። ፍሌካይናይድ ፍላተሩን ወደ 200 ሲያዘገየው ኖዱ ሁሉንም አንድ በአንድ ያሳልፋል፤ ታች የሚደርሰው 200 ይሆናል፣ ኪውአርኤሱም ሰፍቶ የታችኛው ክፍል ፈጣን ምት ይመስላል። ስለዚህ ፍሌካይናይድ ያለ ቤታ ብሎከር ወይም ያለ ዲልቲያዜም ብቻውን አይሰጥም። ሲያስፈልግ በኪስ ይዞ ለሚውጠው ሰውም ከ70 ኪሎ በታች ከሆነ 200፣ 70 እና ከዚያ በላይ ከሆነ 300 ሚ.ግ. ነው። ኖድ የሚያዘገየውን ከ30 ደቂቃ በፊት ይውጥ፣ የመጀመሪያው ጊዜም በሐኪም ቤት ሞኒተር ሥር ይሁን።

ወረዳ_ሐኪም፦

ትምህርቱ ግሩም ነው፤ እኛ ጋ ግን ፍሌካይናይድም ሶታሎልም የለም። አዴኖሲንም ሁልጊዜ አይገኝም። በፈጣን ምት ለሚመጣ ሰው ቬራፓሚል 5 ሚ.ግ. በ2 ደቂቃ ሰጥቶ መጠበቅ በቂ አይደለም ትላላችሁ? ርካሽ ነው፣ ይሠራልም።

የሌሊት_ተረኛ፦

ወንድሜ፣ ኪውአርኤሱ ጠባብና እኩል የሚመታ ከሆነ፣ ግፊቱም ደህና ከሆነ፣ ትክክል ነህ። ኪውአርኤሱ ከ120 ሚሊ ሰከንድ በላይ ከሰፋ ግን ቬራፓሚል አትስጥ። ከታችኛው ክፍል የሚነሳ ፈጣን ምት ሆኖ ከተገኘ፣ የሚወርደው ግፊት ሰውየውን ይዞት ሊሄድ ይችላል፤ መድኃኒቱ የጡንቻውንም ጉልበት ያደክማል፣ ደም ሥርንም ያሰፋል። የልብ ጡንቻው ለደከመ ሰውም አይሰጥም። ቤታ ብሎከር በደም ሥር ከተሰጠ በኋላ ቬራፓሚል በደም ሥር መድገም ልብን ሊያቆም ይችላል።

ሦስተኛው ሁኔታ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሰፊ፣ ፈጽሞ ያልተስተካከለ፣ በደቂቃ ከ200 በላይ የሆነ ምት ካየህ ተጨማሪ መንገድ ባለው ልብ ላይ የመጣ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ነው ብለህ ጠርጥር። እዚያ ኖዱን ብትዘጋ ምቱ ሁሉ በተጨማሪው መንገድ ይወርዳል፣ ቬንትሪኩላር ፊብሪሌሽን (ልብን የሚያቆም የታችኛው ክፍል የተመሰቃቀለ ምት) ይሆናል። ቬራፓሚል፣ ዲጎክሲን፣ አዴኖሲን፣ ቤታ ብሎከር፣ በደም ሥር የሚሰጥ አሚዮዳሮን፣ ሁሉም አይሆኑም። ፕሮካይናማይድ ካለ በደቂቃ ከ20 እስከ 50 ሚ.ግ. እየሰጠህ ምቱ እስኪቆም፣ ግፊት እስኪወርድ፣ ኪውአርኤሱ ከመነሻው በ50% እስኪሰፋ ወይም ጠቅላላው በኪሎ 17 ሚ.ግ. እስኪደርስ ነው። ከሌለ ሾክ።

መድኃኒት የማያስከፍለውንም አትለፈው። ለጠባቡ ምት፣ ታካሚው ጋደም ብሎ ተቀምጦ የ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ አፍ ላይ ፒስተኑ እስኪንቀሳቀስ ለ15 ሰከንድ ይንፋ፤ እንደጨረሰ አስተኝተህ እግሮቹን 45 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ አንሳ። በ2015 የታተመው የብሪታንያ ጥናት በዚህ መንገድ 43% ሲመለሱ፣ እግር ሳይነሳ 17% ብቻ ነው የተመለሱት።

አዴኖሲን ሲገኝ ደግሞ የሚያከሽፈው አሰጣጡ ነው። በደም ውስጥ ዕድሜው ከ10 ሰከንድ በታች ስለሆነ በእጅ ጀርባ ላይ ባለ ቀጭን ካኑላ ከሰጠኸው ልብ ሳይደርስ ያልቃል። በክንድ መታጠፊያ ላይ ወፍራም ካኑላ፣ 6 ሚ.ግ. በአንድ ትንፋሽ፣ ወዲያው 20 ሚሊ ሊትር ሳላይን፣ ክንዱ ወደ ላይ። ካልሠራ 12። ታካሚው ለጥቂት ሰከንድ ደረቱ እንደሚጨነቅ አስቀድሞ ይነገረው። ኢሲጂው እየሄደ ይሰጥ፤ ባይቆም እንኳ ኖዱ ሲዘጋ የተደበቀው ፍላተር ወረቀቱ ላይ ይታያል። ከመስጠትህ በፊት ስለ ቡና ጠይቅ። ካፌይን ራሱን የአዴኖሲንን መቀበያ ይዘጋል፤ ከአቦል እስከ በረካ ጠጥቶ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የመጣ ሰው ላይ 6ቱ ሊከሽፍ ይችላል፣ 12 ይዘህ ቅረብ። አስም ያለበትን ግን አልፈህ ወደ ቬራፓሚሉ ሂድ።

ወረዳ_ሐኪም፦

ገባኝ፤ ከኪውአርኤሱ ስፋት ልጀምር ነው። አንድ ልጨምር፣ የሚበዛብን የሩማቲክ ልብ ታካሚ ነው፤ ሚትራል ጠቦ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የጀመረ። ሁሉም ዲጎክሲን ላይ ናቸው።

መድኃኒት_መደርደሪያ፦

ለእነሱ ትልቁ ነገር ምቱን ማዘግየት ነው። በጠበበው ቫልቭ ደም የሚያልፈው ልብ ባረፈበት ጊዜ ስለሆነ፣ ምት ሲፈጥን ዕረፍቱ ያጥራል፣ ደሙ ወደ ሳንባ ይመለሳል። ዲጎክሲን ኖዱን የሚያዘገየው በቬገስ ነርቭ በኩል ነው። ተቀምጦ ያለ ሰው ላይ ያምራል፤ ዳገት ሲወጣ ቬገሱ ሲለቅ ምቱ ያመልጣል። ስለዚህ ግፊቱና ሳንባው ከፈቀደ ቤታ ብሎከር ይቅደም፣ ዲጎክሲን ይታከል።

ዲጎክሲን በቀን 0.125 ሚ.ግ. ለአብዛኛው ይበቃል፤ በደም ውስጥ የሚፈለገው በሚሊ ሊትር ከ0.5 እስከ 0.9 ናኖ ግራም ነው። ከላሲክስ ጋር ሲሆን ፖታሲየሙ ይወርዳል፤ ፖታሲየምና ዲጎክሲን በሴሉ ፓምፕ ላይ የሚሻሙት ቦታ አንድ ስለሆነ፣ አንዱ ሲያንስ ሌላው ይበረታል። በደም ምርመራ መጠኑ ደህና ሆኖ ሰው የሚመረዘው እንዲህ ነው። ምግብ መጥላት፣ ማቅለሽለሽ፣ ነገር ሁሉ ለዓይን ብጫ ሆኖ መታየት ምልክቱ ነው፤ ባልተስተካከለው ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ውስጥ በድንገት እኩልና ዝግተኛ ምት መምጣቱም እንደ መሻሻል እንዳይቆጠር።

የትኛውም የምት መድኃኒት የደም ማቅጠኛን አይተካም። ለሩማቲክ ሚትራል ጥበት አሁንም ዋርፋሪን ነው፤ በ2022 የታተመው ኢንቪክተስ ጥናት ሪቫሮክሳባንን አወዳድሮ ዋርፋሪን የተሻለ ሆኖ አግኝቶታል። በዐቢይ ጾም ጎመን በብዛት ሲበላ አይኤንአር ሊወርድ ስለሚችል ከጾሙ መግቢያና ከፋሲካ በኋላ ማየት ጥሩ ነው።

ጾም ካነሳን፣ የጠዋቱን ሜቶፕሮሎል "እስክፈታ" ብሎ መተው አለ። በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰደው አንዱ ሲዘለል፣ ወይም ሙሉ በሙሉ ሲተው፣ በመድኃኒቱ ሥር የበዙት የቤታ መቀበያዎች አድሬናሊኑን ያለ ጋሻ ይቀበሉታል፤ ምቱ ከበፊቱ ብሶ ይሮጣል። ለጾመኛው ቀስ ብሎ የሚለቀውን ሜቶፕሮሎል ሰክሲኔት በቀን አንዴ፣ ማታ ከምግብ ጋር ማዛወር ይቻላል። ረመዳንም ላይ ያው ነው። የተዘለለውን በእጥፍ መዋጥ ግን አይሆንም፤ ማቆም ካስፈለገም ከ1 እስከ 2 ሳምንት እየቀነሱ ነው።

ዓመት_አምስት፦

የመጨረሻ ጥያቄ፤ ሶታሎል ራሱ ቤታ ብሎከር ነው። ምት ማዘግየቱ የራሱን አደጋ አያባብስም? ኪውቲውንስ በየትኛው ቀመር እናስላው?

ኢሲጂ_አንባቢ፦

ያባብሳል። በዝቅተኛው መጠን በአብዛኛው የሚሠራው ቤታነቱ ነው፤ በቀን 160 ሚ.ግ. ሲደርስና ከዚያ ሲያልፍ የፖታሲየሙ ሥራ ይጎላል። አንዱ ምት ያዘገያል፣ ሌላው በዘገየው ምት ላይ ይበረታል። ቤታነቱ ከተነሳለት ግን የባሰ ነው፤ ቤታ የሌለው ዲ-ሶታሎል ልባቸው በደከመ ሰዎች ላይ ተሞክሮ በ1996 በታተመው ስዎርድ ጥናት ሞትን ጨመረ። ሞት በመቀነስ የተመሰገነው ከአራቱ ክላስ ቤታ ብሎከሩ ብቻ ነው።

ቀመሩን በተመለከተ፣ አብዛኛው ማሽን የሚያወጣው በባዜት ነው፤ ባዜት በዘገየ ምት ላይ ኪውቲውን አሳጥሮ ያሳያል፣ ሶታሎል በሚከፋበት ሰዓት ማለት ነው። ምሳሌ ልስጥህ። ምት በደቂቃ 45፣ የተለካው ኪውቲ 560 ሚሊ ሰከንድ ይሁን። ከምት እስከ ምት 1.33 ሰከንድ ነው። በባዜት 560ን ለ1.33 ካሬ ሥር ስታካፍለው 485 ይመጣል፤ ከ500 በታች ነው ብለህ ትቀጥላለህ። በፍሪደሪሺያ ለ1.33 ኪዩብ ሥር ስታካፍለው 509 ይመጣል። በሊድ 2 ወይም በቪ5 ከኪው መጀመሪያ እስከ ቲ መጨረሻ በእጅህ ለካ፣ ዩ ሞገዱን አትጨምር፣ ምቱ ከ60 በታች ወይም ከ100 በላይ ሲሆን ፍሪደሪሺያን ተጠቀም። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ውስጥ ላለ ሰው የብዙ ምቶችን አማካይ ያዝ፤ አንዱን ብቻ መርጠህ አትለካ።